መስታወቱ ለምን ያዘግማል?

ዛሬ ስለ ፒክአፕ የበር መስታወት እንነጋገራለን። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መስታወት ሲያዘግም፣ መሃል ላይ ሲቆም፣ በእጅ ካልደገፉት አልወጣ ሲል ችግሩ የት እንዳለ እንዴት እንደምትለዩና እንዴት እንደምትጠግኑት አብረን እናያለን።

ብልሽቱ ቀላል ይመስላል። በፒስታ መንገድ የሚነዳ ሰው ግን ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ከፊት ለፊት ከባድ መኪና አቧራውን አስነስቶ ሲመጣ መስታወቱ ቶሎ መዘጋት አለበት። ጤነኛ መስታወት ከታች እስከ ላይ ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሴኮንድ ቢፈጅበት ነው። ሦስት እጥፍ ከፈጀ ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አቧራውን ይምገዋል። በክረምት ደግሞ ግማሽ ላይ የቀረ መስታወት ዝናቡን በሩ ላይ ወዳለው ስዊች ያስገባል፤ ያኔ አንዱ ብልሽት ሁለት ይሆናል።

በአገራችን መንገዶች በብዛት የምናየው ሂሉክስ ስለሆነ እሱን በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙልኝ። የምነግራችሁ ግን ለዲማክስም፣ ለናቫራም፣ ለኤል 200ም፣ ለሬንጀርም ይሠራል። የበራቸው የውስጥ አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው።

መስታወት ሲያዘግም የብዙ ሰው የመጀመሪያ ፍርድ «ሞተሩ ደክሟል» የሚል ነው። ወዲያው ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይኬዳል፣ ያገለገለ ሞተር ይገዛል፣ ይገጠማል። ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሠራል፤ ከዚያ አዲሱም ማዝገም ይጀምራል። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ነው ርዕሱን የመረጥኩት። አብዛኛውን ጊዜ ሞተር የሚደክመው ሲያደክመው የከረመ ሌላ ነገር ስላለ ነው። ያ ነገር ሳይነሳ ሞተር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለዚህ በሩን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። መስታወቱን የሚይዘው ነገር አለ ወይስ ለሞተሩ የሚበቃው ኤሌክትሪክ እየደረሰው አይደለም? ሁለቱም ውጤታቸው ያው ማዝገም ነው፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ደግነቱ ሁለቱን ለመለየት ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የሾፌሩንና የጋቢናውን ተሳፋሪ መስታወት በየተራ አውጡና በስልካችሁ ሰዓት ለኩ። ሁለቱም እኩል ካዘገሙ ችግሩ ከአንዱ በር አልፎ ወደ ባትሪው፣ ወደ ዲናሞው ወይም ወደ ጋራ ሽቦው ያመለክታል። አንዱ ብቻ ካዘገመ ፍለጋችሁ በአብዛኛው ወደዚያ በር ይጠባል። ቀጥሎ ደግሞ የት ላይ እንደሚያዘግም አስተውሉ። እስከ መሃል ድረስ ደህና መጥቶ ከላይ ጥቂት ጣት ሲቀረው ብቻ የሚያቃስት መስታወት እዚያ ቦታ ላይ የሚይዘው ነገር አለ፤ የኤሌክትሪክ እጥረት ቦታ አይመርጥማ። ከታች እስከ ላይ በአንድ ዓይነት ዝግታ የሚሄድ ከሆነ ግን ሁለቱም ጥርጣሬ እንዳለ ይቆያል።

ያኔ የጣሪያውን መብራት ምስክር እናደርገዋለን። ሲመሽ የመኪናውን ሞተር አጥፍታችሁ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፤ የጋቢናውን መብራት አብሩና መስታወቱን አውጡ። መብራቱ በግልጽ ደብዝዞ መስታወቱ ወጥቶ እስኪያልቅ በዚያው ከቆየ፣ የመስታወቱ ሞተር ብዙ ከረንት እየሳበ ነው ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ደርሶታል፤ ጭነት ነው የበዛበት። መብራቱ ሳይነቃነቅ መስታወቱ ከተጎተተ ግን በመንገድ ላይ ከረንቱን ያነቀው ነገር አለ። ይህ ሙከራ በቀድሞው ዓይነት አምፖል ነው በደንብ የሚታየው፤ ኤልኢዲ ያስገባ ሰው ልዩነቱን ላያይ ይችላል። ባትሪው ራሱ የደከመ እንደሆነም በማንኛውም ነገር ይደበዝዛልና ከጤነኛው መስታወት ጋር ማነጻጸሩን አትርሱ።

ከሁሉም የምወደው ሙከራ ግን የውሃው ነው። በአንድ ኩባያ ውሃ መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ጎማ ከላይ ጀምሮ በግራም በቀኝም አርጥቡትና አንድ ሁለቴ አውጡ፣ አውርዱ። ወዲያው ከፈጠነ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ጎማው ደርቋል ወይም ቆሽሿል። «ዝናብ ሲሆን ደህና ይሠራል፣ ፀሐይ ሲሆን ይደክማል» የሚል ሾፌር ሳያውቀው ምርመራውን ጨርሶታል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ወደዚህ ጎማ ጠጋ እንበል፤ ብዙው ነገር ያለው እዚህ ነው። መስታወቱ በበሩ ፍሬም ውስጥ የሚሄደው በሁለቱም ጎኖቹ በዩ ቅርጽ የታጠፈ ጎማ አቅፎት ነው። የጎማው ውስጠኛ ፊት ባዶ ጎማ አይደለም፤ እንደ ከፈይ ያለ ስስ ጠጉር ተለብጦበታል። መስታወቱ የሚንሸራተተው በዚያ ጠጉር ላይ ነው። አቧራ ሲገባበት ጠጉሩ ይተኛል፣ ከዝናብ ጋር ሲቦካ ጭቃ ይሆናል፣ ፀሐይ ሲመታው ይጋገራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ደግሞ ፀሐዩ ጎማን በፍጥነት ያደርቃል፤ ያጠነክረዋል፤ ይሰነጥቀዋል። ከቆላው ይልቅ በከፍታ ቦታ አልትራቫዮሌት ጨረሩ ይበረታልና።

ስታጸዱት መስታወቱን እስከ ታች አውርዱት። ስስና ሰፋ ያለ እንጨት ወይም የፕላስቲክ ማስመሪያ ጫፍ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክራችሁ ጨምቁት፤ ከዚያ በጎማው ቦይ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ሳቡት። የመጀመሪያው ጨርቅ ቀይ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ቀይሩትና ድገሙት፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አታቁሙ። አብዛኛው ሰው የሚሳነው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ጠርጎ ቅባት ይነፋበታል፣ ቅባቱም ከቀረው አቧራ ጋር ተለውሶ የባሰ ሙጫ ይሆናል።

ጎማው ከደረቀ በኋላ የሲሊኮን ስፕሬይ በቀጭኑ ቱቦ ወደ ቦዩ ውስጥ ንፉ። በመስታወቱ ላይ የፈሰሰውን ጥረጉና ጥቂት ጊዜ አውጡ፣ አውርዱ፤ በመካከሉ ሞተሩን አሳርፉት። አደራ የምላችሁ ነገር ቢኖር የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ግራሶ ወይም ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ እዚያ ጎማ ላይ እንዳታደርጉ ነው። የነዳጅ ዘር ያለበት ነገር ሁሉ የበር ጎማን ያሳብጣል። ለሳምንት ያፈጥነዋል፤ ከዚያ ጎማው አብጦ መስታወቱን ጭራሽ ይጨብጠዋል፣ አቧራውንም ይስባል።

ከበሩ አፍ ላይ በውስጥም በውጭም መስታወቱን የሚጠርጉ ሁለት ልሳን የሚመስሉ ጎማዎች አሉ። እነሱንም ጥረጓቸው። ጠጠር ከገባባቸው መስታወቱን ከላይ ወደ ታች ይጭሩታል፤ በመስታወታችሁ ላይ ቀጥ ያሉ ጭረቶች ካያችሁ ከዚያ የመጡ ናቸው። ፊልም የተለጠፈበት መስታወት ከሆነ የፊልሙ ጠርዝ ከታች ተላጦ በውስጠኛው ጎማ ሥር እየተጠቀለለ ሊይዘው ይችላል። ግጭት ደርሶበት የተጠገነ በር ከሆነ ደግሞ የመስታወቱ ሐዲድ በጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ከተጣመመ ማጽዳት ብቻውን አያድነውም፤ ሐዲዱ መቃናት አለበት።

መስታወታቸው በአንድ ንክኪ ራሱ የሚዘጋላቸው ፒክአፖች ላይ ይኸው የደረቀ ጎማ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። መስታወቱ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ራሱ ተመልሶ ይወርዳል። ሰው ስዊቹ ተበላሸ ይላል። ስዊቹ ምንም አልሆነም። እነዚህ መኪኖች የልጅ እጅ ወይም አንገት እንዳይያዝ ተብሎ መስታወቱ ያልተጠበቀ ተቃውሞ ሲገጥመው እንዲመለስ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ጎማው ጠንክሮ ሲይዘው መኪናው እጅ የያዘ ይመስለዋል። መፍትሔው ያው ጨርቅና ሳሙና ነው። ይህን መከላከያ በሽቦ ዘዴ የሚያጠፉ ሰዎች አሉ፤ ልጆች በሚሳፈሩበት መኪና ላይ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ጎማው ጸድቶም ካዘገመ ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ። እዚህ ቴስተር ያስፈልገናል።

የባትሪው ነገር አስቀድሞ ይታይ። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲሞላው ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ይደርሳል። ሞተር ተነስቶም 12 ላይ የሚቀር ከሆነ መስታወቱን ተዉትና ዲናሞውን አሳዩ። ባትሪው ደህና ከሆነ ግን የመስታወቱ ሞተር ሶኬት ላይ መለካት አለባችሁ፤ ለዚያም የበሩ የውስጥ ሽፋን ይወልቃል።

ሽፋኑ የሚያዘው በጥቂት ብሎኖችና በዙሪያው በተሰኩ የፕላስቲክ ክሊፖች ነው። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ከመክፈቻ እጀታው ጀርባና ከክንድ ማሳረፊያው ሥር በትንንሽ ክዳን ተሸፍነዋል። ሳይፈቱ መጎተት ሽፋኑን ይሰብረዋል። ክሊፖቹን ጨርቅ በተጠቀለለበት ካቻቪቴ አጠገብ አጠገባቸው እየገባችሁ አንሱ። ከጀርባው በጥቁር ማጣበቂያ የተለጠፈ ላስቲክ ታገኛላችሁ፤ እሱን አትቅደዱት፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ሞተሩ ሳይነቀል፣ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ከሶኬቱ ጀርባ ወደ ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች አስገቡ። አንድ ሰው የመኪናውን ሞተር አስነስቶ የመስታወቱን ስዊች ይጫን። መስታወቱ እየወጣ ሳለ ቁጥሩን አንብቡ። እየሠራ እያለ መለካቱ ወሳኝ ነው። ሶኬቱን ነቅሎ በባዶው የሚለካ ሰው ሙሉ ቮልት ያይና ይሸወዳል፤ የተቃጠለ ስዊችም ቢሆን ጭነት ከሌለበት ሙሉ ቮልት ያሳልፋል።

ባትሪው ላይ 14 እያለ ሞተሩ ጋ 12.5 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ መንገዱ ደህና ነው። 9 ወይም 10 ብቻ ከደረሰ ከ4 እስከ 5 ቮልት ያህል በመንገድ ቀርቷል። የሞተሩ ፍጥነት ከሚደርሰው ቮልት ጋር አብሮ ስለሚወርድ ያ ብቻውን ለማዝገሙ በቂ ምክንያት ነው። የጠፋው ቮልት የት እንዳለ ለማግኘት ደግሞ ረጅም ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ አምጥታችሁ በአንዱ የቴስተር ጫፍ ያዙ፣ ሌላውን በሞተሩ ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ አድርጉና መስታወቱ ሲወጣ አንብቡ። ይህ በፖዘቲቩ መንገድ የጠፋውን ይነግራችኋል። በኔጋቲቩም እንዲሁ። ከግማሽ ቮልት ብዙ የሚያልፍበት ወገን ነው የሚፈተሸው። ከረንቱ ስዊቹ ላይ ሲገባና ሲወጣ፣ በየሶኬቱ ፊትና ኋላ እየለካችሁ ስትጠጉ ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ።

ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ስዊቹ ነው። የመስታወት ስዊች የሞተሩን ሙሉ ከረንት የሚያሳልፍ ከሆነ በተጫንነውና በለቀቅነው ቁጥር ውስጡ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው የመዳብ ጥርሶቹን ያጠቁራል። የሾፌሩ በር ስዊች ደግሞ ለሁሉም መስታወቶች መተላለፊያ ስለሆነ በብዙ ፒክአፖች ላይ ለየት ያለ ነገር ይገጥማል። ሞተሩ ሲያርፍ ሁለቱም ሽቦዎቹ በስዊቹ በኩል ኔጋቲቭ ላይ ናቸው፤ ስንጫን አንዱ ወደ ፖዘቲቭ ይዞራል፣ ሌላው ባለበት ሆኖ ይመልሳል። የተሳፋሪው መስታወት መመለሻ የሚያልፈው በሾፌሩ ስዊች በኩል ነው። ስለዚህ የተሳፋሪው መስታወት ሲያዘግም በሽታው በሾፌሩ በር ላይ ሊሆን ይችላል! ይህን ባለማወቅ የተሳፋሪውን በር ሦስት ጊዜ የፈታ መካኒክ ሞልቷል።

ስዊቹ ተከፍቶ በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ሊጸዳ ይችላል። የጠቆረውን ጥርስ በጣም ስስ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ መወልወል ይጠቅማል፤ ጨርሶ የተበላ ከሆነ ግን ስዊቹን መቀየር ይሻላል። ስትከፍቱት ትንንሽ ኳሶችና ስፕሪንጎች ሊዘሉ ስለሚችሉ ነጭ ጨርቅ ላይ ሥሩ።

ከስዊቹ ቀጥሎ የምጠረጥረው በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን የጎማ ቱቦ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ። በዓመታት ውስጥ ልባሳቸው ሳይበጠስ የውስጡ መዳብ ክር በክር ይበጠሳል። ከሃያ ክር አምስት የቀረው ሽቦ መብራት ያበራል፤ መስታወት ግን አያነሳም። በሩን እያወዛወዛችሁ መስታወቱን ስታወጡ ፍጥነቱ ከተለዋወጠ እሱ ነው። የተጎዳውን ቆርጦ፣ በዚያው ውፍረት ሽቦ ቀጥሎ፣ በሊድ በይዶ በደንብ መሸፈን ያስፈልጋል። በእጅ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል እዚህ ቦታ አይበረክትም። የኔጋቲቩ ወገን ከሆነ የጎደለው ደግሞ ከዳሽቦርዱ በታች በእግር በኩል ካለው ፕላስቲክ ጀርባ ሽቦው ከቦዲው ጋር የታሰረበትን ቡሎን ፈልጉ፤ ዝገቱን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት።

ፊውዝን በተመለከተ አጭር ቃል። ፊውዝ መስታወትን አያዘገይም፤ ወይ ይሠራል ወይ ይቃጠላል። ተደጋግሞ ከተቃጠለ ሞተሩ ተይዟል ወይም ሽቦው ሾርት አድርጓል ማለት ነው። በተለቀ ፊውዝ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት መተካት በሩ ውስጥ ያለውን ሽቦ ማቃጠል ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ጎማው ንጹሕ፣ ቮልቱም ሙሉ ሆኖ መስታወቱ አሁንም ካዘገመ የሚቀረው ማንሻውና ሞተሩ ነው። ማንሻው ሁለት ዓይነት ነው፤ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ክንድ ያለው፣ ወይም በቀጭን የሽቦ ገመድና በፕላስቲክ ፑሊዎች የሚጎትት። በመቀሱ ዓይነት ላይ የደረቀውን አሮጌ ግራሶ ጠርጋችሁ ነጭ የሊቲየም ግሪስ በጥርሶቹና በሐዲዱ ላይ አድርጉ። የገመዱ ዓይነት ሲያዘግም የመንቋቋት ድምፅ ካለው ገመዱ እየተበጠሰ ነው፤ ያ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

አሁን የምለውን በጥንቃቄ ስሙኝ። በብዙዎቹ የመቀስ ማንሻዎች ላይ የመስታወቱን ክብደት የሚያግዝ ብርቱ ጥቅል ስፕሪንግ አለ። ስፕሪንጉን ይዞ ያቆመው ሞተሩ ነው። ክንዱ ሳይታሰር ሞተሩ ከተፈታ ክንዱ በሙሉ ኃይሉ ይወነጨፋል፤ ጣት ይቆርጣል። ስለዚህ መስታወቱን ላይ አውጥታችሁ ከፍሬሙ ጋር በሰፊ ፕላስተር አስሩት፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፤ የማንሻውን ጥርስ ከተገጠመበት ሳህን ጋር በቡሎን ወይም በጠንካራ መያዣ ቆልፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሞተሩን ፍቱ።

የወለቀውን ሞተር በፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪ አገናኙትና አዙሩት። ጭነት ሳይኖርበት ቀስ ካለ፣ ካጓራ ወይም ሲነኩት ብቻ ከተነሳ አሁን በእርግጥ ሞተሩ ነው፤ ካርቦኑ አልቋል ወይም ውሃ ገብቶበታል። ሞተሮቹ ሲግሉ ራሳቸውን የሚያቋርጡበት መከላከያ ስላላቸው ብዙ ጊዜ ያወጣና ያወረደ መስታወት ቆሞ ከደቂቃዎች እረፍት በኋላ ቢሠራ ያ ብቻውን ብልሽት አይደለም።

ያገለገለ ሞተር ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የግራና የቀኝ በር ሞተር ይለያያል፤ የሶኬቱን ቅርጽና የጥርሱን ቁጥር አስተያዩ። ሻጩ ባትሪ ላይ እንዲያዞርላችሁ ጠይቁ፤ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መፍጠን አለበት። ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚፈጥን ሞተር አትግዙ።

ስትገጥሙ መስታወቱን ከማንሻው ጋር የሚይዙትን ቡሎኖች መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ መስታወቱ ወደ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በጎማው ውስጥ ራሱን ካስተካከለ በኋላ አጥብቋቸው። የበሩን የታችኛ ጠርዝ ተመልከቱ፤ ውሃ የሚያወጡት ቀዳዳዎች በጭቃ ከተደፈኑ በሽቦ ክፈቷቸው። እነሱ ከተደፈኑ በሩ ውሃ ያቁርና ማንሻውን ያዝገዋል። ከሽፋኑ ጀርባ ያገኛችሁትን ላስቲክ ደግሞ በማጣበቂያው ላይ መልሳችሁ በዙሪያው ተጫኑት። ብዙ ጋራዥ ይጥለዋል፤ በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ የገባው ዝናብ ወደ ጋቢና እንዳያልፍ የሚከለክለው እሱ ነው።

ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ራሱ የሚዘጋ መስታወት ያንን ችሎታውን ሊረሳ ይችላል። በብዙ መኪኖች ላይ መስታወቱን ስዊቹን እየጫናችሁ ሙሉ በሙሉ ከዘጋችሁት በኋላ ስዊቹን ሳትለቁ ለጥቂት ሴኮንድ መያዝ ይመልሰዋል፤ ትክክለኛው አሠራር በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። እስኪመለስ ድረስ ልጆች መስታወቱን እንዳይነኩ አድርጉ፤ በዚያ መካከል እጅ ቢያዝ መስታወቱ ላይመለስ ይችላል።

ለዛሬ የያዝነው ይኸው ነበር። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በደከመ ዲናሞ ላይ እንገናኛለን።